ሠላሳ ዘጠነኛው ፖስታ

ሐሙስ ጠዋት የሳንባ ሐኪሙ ፊልሞቹን ሊያነብ ሲቀመጥ ሠላሳ ዘጠኝ ፖስታ መኖር ነበረበት። ቆጠረ፤ ሠላሳ ስምንት። ነርሷ ቆጠረች፤ ሠላሳ ስምንት። የክሊኒኩ ኃላፊ ራሷ መነጽሯን አድርጋ ቆጠረችና ስልክ አነሳች። የተደወለው እኔ ጠረጴዛ ላይ ነው።

በሃያ ስድስት ዓመት የፖሊስ አገልግሎቴ መኪና ፈልጌያለሁ፣ በሬ ፈልጌያለሁ፣ የጠፋ ባል ፈልጌ አግኝቼ ሚስቱ "እዚያው በቀረ" ብላኛለች። የሳንባ ፎቶ ግን ፈልጌ አላውቅም። ቀልድ መስሎኝ እየሳቅኩ ነው የሄድኩት። አብራኝ የምትሠራውን ሳጅን ይዤ ነበር። ባልደረቦቿ "መዝገቧ" ይሏታል፤ አንዴ የሰማችውን አትረሳም፣ የኔን ስህተት ደግሞ በተለይ።

ክሊኒኩ አገር ለቀው ለሚሄዱ ሰዎች የሚሠራ ነው። ውጭ ያለ ልጅ እናቱን ወይም አባቱን ለዘለቄታው ልውሰድ ብሎ ሲያመለክት፣ ወላጆቹ እዚህ መጥተው ደረታቸውን ራጅ ይነሳሉ። ፊልሙን ተነሺው አያየውም። ሰኞ ይነሳል፣ ሐሙስ ሐኪሙ ያነበዋል፣ ይታሸጋል፣ በቀጥታ ወደ ኤምባሲው ይላካል።

"ማሽናችን አሮጌ ነው፤ ቅጂ የሚባል ነገር የለውም" አለች ኃላፊዋ። "ፊልሙ ከጠፋ ጠፋ ነው። ኤምባሲው ይሄን ከሰማ ደግሞ እኛም ጠፋን።"

"የጠፋው የማን ነው?"

"የአንዲት ሰባ ሁለት ዓመት እናት። ልጃቸው ናት የምትወስዳቸው።"

ፖስታዎቹ የሚቀመጡት ራጅ ክፍሉ ውስጥ ባለ የእንጨት ቁምሳጥን ነው። ቁልፉ አልተሰበረም፣ ጭረት እንኳ የለበትም። አንዱ ቁልፍ ኃላፊዋ አንገት ላይ ተንጠልጥሏል፣ ሌላው ራጅ አንሺው ኪስ ውስጥ ነው። ማክሰኞ ጠዋት ነርሷ ቆጥራ ዘግታዋለች። ከዚያ ወዲህ ክፍሉ ሰው የሚያጣው በምሳ ሰዓት ብቻ ነው፤ ሲመሽ ግቢው ይቆለፋል።

መዝገቧ ተንበርክካ የበሩን ማጠፊያ ስታይ ቆየች።

"ጌታዬ፣ ብሎኖቹ ላይ ነጭ ነገር አለ።" አሸተተችው። "ሳሙና ነው።"

"የጽዳት ሠራተኛዋ ስትወለውል የነካው ነው" አልኳት።

ደብተሯ ላይ ጻፈችው። ያልጠረጠረ ተመነጠረ ይላሉ፤ እኔ ግን ጠርጥሬ ነው የተመነጠርኩት፣ ያውም የማይጠረጠረውን ሰው። ራጅ አንሺውን አስጠራሁት። አርባ ዓመት የማይሞላው፣ ቀጭን፣ ትከሻው የጎበጠ ሰው ነው።

"ረቡዕ በምሳ ሰዓት የት ነበርክ?"

"እዚሁ። ምሳዬን ይዤ መጥቼ እዚሁ ክፍል ውስጥ ነው የበላሁት።"

"ማክሰኞስ?"

"ወጣ ብዬ ነበር።"

"ወዴት?"

"ወጣ ብዬ።"

ሦስት ጊዜ ጠየቅኩት፤ ሦስት ጊዜ ወጣ አለ። ቁልፍ ኪሱ ውስጥ ያለ፣ የት እንደነበረ የማይናገር ሰው አግኝቼ ምን ልጠብቅ? ይዤው ሄድኩ።

*

የፊልሙ ባለቤት ቤት ሁለት አልጋ፣ አንድ ቁምሳጥንና እግሩ የላላ አግዳሚ ያለበት አንድ ክፍል ነው። ልቀመጥ ስል አንዲት ሴት ክንዴን ያዙኝ።

"እሱ ላይ አይሆንም፣ ይጥልሃል። ና አልጋው ላይ ተቀመጥ።"

የፊልሙ ባለቤት ታናሽ እህት ናቸው። ሁለቱ እህቶች ከአንድ ቅርጽ እንደወጣ ጡብ ይመሳሰላሉ፤ ታናሿ ብቻ ትንሽ ከሳ ይላሉ። ግድግዳው ላይ የታላቋ ሟች ባል ከጭነት መኪናቸው መስኮት አንገታቸውን አውጥተው ይስቃሉ። ከሥራቸው የልጅቷ ፎቶ፣ ከዚያ የሁለት ሕፃናት ፎቶ። በሩ አጠገብ በገመድ የታሰረ ሻንጣ ቆሟል።

"ከወዲሁ አሰሩት?" አልኩ።

"ዕጣው የወጣ ዕለት ነው ያሰርኩት" አሉ ታላቋ። "እዚያ አገር ወላጅ መውሰድ በዕጣ ነው አሉ። ሦስት ዓመት ሞክራ አልወጣላትም፣ ዘንድሮ ወጣላት። አሥራ አራት ዓመት አላየኋትም ልጄ። ሁለት ወልዳ አንዱንም አላቀፍኩም። የምርመራው ወረቀት እስከ ወሩ መጨረሻ ካልደረሰ ይሰረዛል ብላኛለች።"

"አሥራ አንድ ቀን ነው የቀረው" አሉ ታናሿ ሻይ እየቀዱ።

"እርስዎም አብረው ይሄዳሉ?"

"እኔ? ቅጹ ላይ እናት አለ፣ አባት አለ፣ አያት አለ። አክስት የሚል የለም።" ብርጭቆውን ሰጡኝ። "ድመት ግን ትወሰዳለች አሉ፣ ክትባቷን ከጨረሰች።"

መዝገቧ ሳቀች፣ እኔም ሳቅኩ። ታላቋ አልሳቁም።

"ልጄን ያሳደገቻት እኮ እሷ ናት" አሉ። "እኔ ሁለት ዓመት ሆስፒታል ስተኛ ጡት ያስጣለቻት፣ በእግሯ ያስኬደቻት እሷ ናት። ልጅቷ እስካሁን 'ትንሿ እማ' ነው የምትላት።"

"ምን ሆነው ነበር?"

"ተወው፣ የድሮ ነው።"

ተውኩት። ሰኞ ራጅ ሲነሱ ምን ያዩት ነገር አለ ብዬ ጠየቅኩ።

"ምን አያለሁ? አልጋ ላይ አጋደሙኝ፣ አትተንፍሺ አሉኝ፣ ተነሺ አሉኝ። በቃ።"

ማክሰኞ በምሳ ሰዓት ታላቋ ፎቶ ቤት ነበሩ፤ ለቪዛው ጉርድ ፎቶ ሲነሱ። ፎቶ አንሺው ጋ ሄደን ጠየቅን፣ እውነት ነው። ታናሿን የት ነበሩ ብዬ አልጠየቅኩም። ሻይ የምትቀዳልህን ሴት ማን የት ነበርሽ ይላል? ስወጣ መዝገቧ ልትጠይቃቸው አፏን ስትከፍት አይቻለሁ፤ እኔ ነኝ ነይ እንሂድ ያልኳት።

*

አርብ ጠዋት "ቪዛው" የሚሉት ደላላ ጋ ሄድን። ፎቶ ኮፒ ቤት አለው፤ ሥራው ግን ኮፒ ማድረግ እንዳልሆነ ሰፈሩ ሁሉ ያውቃል። ራጅ አንሺው ለታመመ ሰው የጤነኛ ሳንባ ፊልም ይሸጣል የሚል ወሬ ደርሶኝ ነበር።

"ለማን ነው የሚሸጠው?" አልኩት።

"ማነው እንደዚያ ያለው?"

"ሰው።"

"ሰው ውሸታም ነው ኢንስፔክተር። ሁለቴ ሄጄ ለምኜዋለሁ፣ ሁለቴ አባሮኛል። በሁለተኛው ጫማውን አውልቆ ነው የተከተለኝ። እኔ በዚህ ከተማ ጉቦ የፈራ ሰው ካየሁ እሱን ነው።"

"አሁን ታስሯል።"

"እንግዲያው የተሳሳተ ሰው አስረዋል።" ማሽኑን አጠፋና ወደኔ ዞረ። "አንድ ነገር በነጻ ልንገርዎት፤ በነጻ ስናገር የመጀመሪያዬ ነው። ደህና ፊልም ማን ይሰርቃል? የተሰረቀው የታመመ ሳንባ ነው። ሐኪሙ ሳያነበው መታመሙን ማን ያውቃል?"

"ያነሳው ሰው" አልኩ።

"ያነሳው ሰውማ መስረቅ ምን ያደርግለታል? ቁልፉ በጁ ነው፣ ሲፈልግ አበላሽቶ 'ድገሙት' ይላል።"

ከደላላ ምክር መቀበል ያማል። ውጭ ስንወጣ መዝገቧ ቀስ ብላ፣ "ወይም ያነሳው ሰው የነገረው" አለች።

*

ራጅ አንሺው ሌሊቱን እንዳልተኛ ያስታውቃል። ቁጭ አልኩ፣ ውሃ አስመጣሁለት።

"ማክሰኞ በምሳ ሰዓት የት ሄደህ ነበር?" አልኩት።

ውሃውን ጠጣ። "ሌላ ክሊኒክ አለ። ማክሰኞ ማክሰኞ ሦስትና አራት ሰው አነሳላቸዋለሁ። ውሌ ሌላ ቦታ አትሠራም ይላል። አራት ልጅ አለኝ። ቢሰሙ ከሥራ ነው የሚያስወጡኝ።"

መዝገቧ ወጥታ ደወለች፤ ተመልሳ ራሷን ነቀነቀች። እውነቱን ነው። አይጥ በበላ ዳዋ ተመታ ማለት ይሄ ነው፤ መቺው ደግሞ እኔ።

"ፊልሙ መጥፎ ነበር አይደል?"

"የኔ ሥራ ማንሳት ነው፣ መናገር አይደለም።"

"ተናግረሃል ግን።"

"ተናግሬያለሁ" አለ። "በግራ በኩል እንቁላል የሚያህል ጥላ ነበር። ብዙ አይቻለሁ፣ ምን እንደሆነ አውቃለሁ። እናቴን ይመስላሉ፤ ዝም ብዬ መላክ አልቻልኩም። እናቴ፣ ነገ ዛሬ ሳይሉ ሆስፒታል ይሂዱ አልኳቸው። ሰምተውኝ ሲያበቁ የማይገናኝ ነገር ጠየቁኝ።"

"ምን?"

"አንዲት ዘመዴ ድሮ ሳንባዋን ታማ ድናለች፣ ይከለክሏታል ወይ አሉኝ። የዳነ ጠባሳ አይከለክልም፣ አክታ አስመርምረው ያሳልፏታል አልኳቸው። ያኔ ነው ያለቀሱት። የራሳቸውን ሲሰሙ አላለቀሱም።"

"አጋድመህ ስታነሳቸው ሌላ ያሉህ ነገር አለ?"

"ማጋደም?" አለ። "ደረት ቆሞ ነው የሚነሳው ኢንስፔክተር።" ተነስቶ ደረቱን ከግድግዳው አስጠጋ፣ አገጩን ቀና አደረገ። "እንደዚህ ሰሌዳውን ይቀፉት ብያቸው፣ ሳንቃ ማቀፍ ድሮም ለምጃለሁ፣ ባሌ አናጺ ነበር ብለው አስቀውኛል።"

እኔና መዝገቧ ተያየን።

"የታላቋ ባል የጭነት መኪና ሾፌር ነበሩ" አለች።

*

የእህትማማቾቹ ቤት በር ገርበብ ብሏል። ታላቋ የሉም፤ ሌላ ቀጠሮ ሊለምኑ ክሊኒክ ሄደዋል። ታናሿ መሬት ላይ ተቀምጠው አግዳሚውን ገልብጠውታል። አንድ እጃቸው ላይ ካቻቢቴ፣ ሌላው ላይ ብሎን። ብሎኑን ቁራጭ ሳሙና ላይ አሹት፣ ከእንጨቱ አስገቡት፣ ማዞር ጀመሩ። ሁለት ዙር ካዞሩ በኋላ ትንፋሻቸው አጥሮ አረፉ።

"ሳሙናው ለምንድነው እናቴ?" አልኩ ከበሩ ላይ።

"ያልተቀባ ብሎን እንጨት ይሰነጥቃል" አሉ ቀና ሳይሉ። "ሃያ ዓመት የሳንቃውን ሌላ ጫፍ ይዤ ነው የኖርኩት፣ ይሄን ካላወቅኩ ምን አወቅኩ።"

"የክሊኒኩን ቁምሳጥን በር ሲመልሱም ቀብተውታል።"

ካቻቢቴውን ቀስ ብለው መሬት ላይ አኖሩት።

"እንዳይሰነጠቅባቸው ብዬ ነው" አሉ። "የሰው ንብረት ነው።"

ተንበርክኬ ልደግፋቸው ስል እምቢ አሉ፤ ራሳቸው ተነስተው አልጋው ላይ ተቀመጡ። መዝገቧ ደብተሯን አውጥታ ነበር፣ መልሳ ከተተችው። እሳቸውም ሳልጠይቃቸው ተናገሩ።

"እትዬ በወጣትነቷ ሳንባዋን ታማ ነበር። ጠባሳው ይታይና ይከለክሉኛል ብላ ስትፈራ እንቅልፍ አጣች። እኔ ልነሳልሽ አልኳት። እኔ ታምሜ አላውቅም፤ ሳል ብቻ ነው፣ እሱም የአቧራ ነበር የመሰለኝ። ፓስፖርቷን ይዤ ሄድኩ፣ ማንም ቀና ብሎ አላየኝም። ያነሳኝ ልጅ ያን ሲነግረኝ መጀመሪያ የታየኝ እሷ ናት። የኔ በሽታ በሷ ስም ተጽፎ ሊሄድ ነው። ቀረች ማለት ነው።"

"ከዚያ ማክሰኞ በምሳ ሰዓት መጡ።"

"አሮጊት ኮሪደር ላይ ስትቀመጥ ማን ምን ይላታል? ቁልፉን ምን አደርገዋለሁ፣ በሩን በማጠፊያው በኩል ፈታሁት። ፖስታው ከጠፋ ሌላ ቀጠሮ ይሰጧታል። አሁን አንቺው ሂጂ፣ ጠባሳ አይከለክልም ልላት ነበር። ትሄዳለች። ከሄደች በኋላ የመጣው ይምጣ።"

"ፊልሙስ?"

ፍራሹን አንስተው ፖስታውን አወጡ። "ልጥለው ብዬ እጄ እምቢ አለኝ። የገዛ ደረቴ ነው።"

"እናቴ፣ በዚህ ፊልም የተነሳ ሰው ታስሯል።"

"ማን?"

"ያነሳዎት ልጅ።"

ሻሻቸውን ከራስጌ አንስተው አሰሩ፣ ጫማቸውን ፈለጉ። "እንሂድ" አሉ። "እኔ ነኝ ሌባዋ እላለሁ። አንድ ነገር ብቻ፣ ምክንያቱን አትጻፈው። እትዬም አትስማ።"

ምን ልበላቸው? ምክንያት የሌለው ሌባ መዝገብ ላይ አይሰፍርም። ምክንያቱ ከሰፈረ ሰኞ የተነሳው ሌላ ሰው መሆኑ ይሰፍራል፤ ያ ከሰፈረ ኤምባሲው ይሰማል። ሆዴ ውስጥ ያለውን ሁሉ ልንገራቸው ብዬ አፌን ስከፍት ታላቋን በሩ ላይ አየኋቸው። ከመቼ ጀምሮ እንደቆሙ አላውቅም። ገብተው ፖስታውን ከእህታቸው እጅ ወሰዱ፣ ፊልሙን አውጥተው በመስኮቱ ብርሃን ያዙት።

"የቱ ጋ ነው?"

"እትዬ፣ ተይው።"

"የቱ ጋ ነው አልኩ።"

መዝገቧ ተጠግታ በጣቷ አሳየቻቸው። ለረጅም ጊዜ አዩት። ከዚያ አልጋው ላይ ተቀመጡ።

"እኔ ከዳንኩ አርባ ዓመቴ ነው" አሉ። "ለዳነ በሽታ ፈርቼ አንቺን ላክሁሽ።"

"ባትልኪኝማ አላውቅም ነበር እኮ። ከሄድሽ በኋላ እታከማለሁ።"

"ማን ያስታምምሻል?"

"ጎረቤት አለ።"

"ጎረቤት" አሉ ታላቋ። ወደኔ ዞሩ። "ጻፍ ልጄ። ሰኞ የተነሳችው እህቴ ናት፣ የላክኋት እኔ ነኝ ብለህ ጻፍ።"

"እናቴ፣ ይሄን ከጻፍኩ ማጭበርበር ነው የሚሉት። ዘንድሮ መሰረዝ ብቻ አይደለም፣ ለዓመታት ይከለክሉዎታል። እስከ ሰኞ ላቆየው እችላለሁ፤ ከልጅዎ ጋር ይምከሩበት።"

"ያ ልጅ እስከ ሰኞ እስር ቤት ሊያድር ነው?"

ብዕሬን አወጣሁ።

ታናሿ እህታቸው ጉልበት ላይ ተደፍተው ማልቀስ ጀመሩ። "እኔ ለስንት ወር ብዬ ነው የምቀማሽ? ልጆቹን ሳታቅፊ ልትሞቺ ነው?"

"የኔን ልጅ ማን አቀፈልኝ?" አሉ ታላቋ። እጃቸውን እህታቸው ራስ ላይ አደረጉ።

ከዚያ ስልክ ደወሉ። ጆሯቸው ስለደከመ የስልኩን ድምፅ ከፍ አድርገው ነው የሚያወሩት፤ ውጡ ስላላሉን ሁላችንም ሰማን። ልጅቷ ከሥራ መግባቷ ነበር።

"እማ፣ ፊልሙ ተገኘ?"

"ተገኘ። ግን አልመጣም ልጄ።"

"ምን ማለት ነው አልመጣም? አራት ዓመት ሙሉ ነው የጠበቅኩት። ክፍልሽን ቀለም ቀብቼዋለሁ። ልጆቹ ስንት ቀን ቀረ እያሉ ይቆጥራሉ።"

"ያሳደገችሽ ታማለች፣ ክፉኛ። ጥያት አልመጣም።"

ስልኩ ውስጥ ለቅሶ ተሰማ። ቆይታ፣ "እኔስ እማ?" አለች።

ታላቋ ስልኩን ወደ እህታቸው ዘረጉ። ታናሿ እንባቸውን በሻሻቸው ጠርገው ስልኩን ተቀበሉ። "አትስሚያት የኔ ልጅ፣ ጉንፋን ነው" አሉ። "ይልቅ ልጆቹ በሉ? አንቺስ በላሽ?"

እኔ እግሩ ግማሽ የተጠገነው አግዳሚ ላይ ተቀምጬ ጻፍኩ። ሁሉንም ጻፍኩ። ታላቋ አንብብልኝ አሉ፣ አነበብኩላቸው፣ ፈረሙ።

*

ራጅ አንሺው በዚያው ቀን ተፈታ። ክሊኒኩ ግን ስለ ሁለተኛው ሥራው ሰምቶ አሰናበተው፤ አሁን ሙሉ ቀን እዚያኛው ክሊኒክ ነው። ዐቃቤ ሕጉ የታመመች አሮጊት አልከስም ብሎ መዝገቡን ዘጋው።

ታናሿ ዐሥር ሳምንት ቆዩ። ታላቋ አንድም ሌሊት ከአጠገባቸው አልተለዩም። ልጅቷ ፈቃድ አግኝታ ስትደርስ ከተቀበሩ ሦስተኛ ቀናቸው ነበር። ዘጠኝ ቀን ተቀምጣ ተመለሰች፤ ከዚያ በላይ ፈቃድ አልነበራትም።

የኤምባሲው ደብዳቤ የመጣው በማግስቱ ነው። አምስት ዓመት ማመልከት ተከልክለዋል ይላል። ዓይናቸው ስለደከመ ጠርተውኝ ያነበብኩላቸው እኔው ነኝ። በሕይወቴ ከጻፍኳቸው መዝገቦች አንድም ሐሰት የሌለበት ያ ነው፤ እሱን ሳስብ ግን አፍራለሁ።

አልፎ አልፎ እሁድ ጎራ እላለሁ። ልጅቷ የምትደውለው እሁድ ነው። አምስቱ ዓመት ሲያልቅ እንደገና ዕጣ ውስጥ እገባለሁ ትላቸዋለች፤ ልጆቹም ያኔ ያድጋሉ፣ መጥተው ይቀበሉሻል ትላለች።

"እሺ ልጄ፣ እጠብቃለሁ" ይሏታል። ሰባ ሦስት ሆኗቸዋል።